አሯሯጧ ያምር ነበር

ቦምቤ ውስጥ ስለ ሩጫ ማውራት የብቸኛ ሰው ወሬ ነው። አገሩ የኳስ አገር ነው። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያሰናበተበት ቀን እስካሁን እንደ ትናንት ይወራል። የጦና ንቦች በሚጫወቱበት ዕለት ባጃጅ ነጂውም፣ ዝንጅብል ነጋዴውም፣ ተማሪውም ሥራውን አሳጥሮ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቡና ቤት ይሰበሰባል።

እዚያው ቤት ጥግ ላይ ግን አንድ ጡረታ የወጡ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር አሉ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ያስተማሩትም ያላስተማሩትም “ቲቸር” ነው የሚላቸው። ቲቸር ኳስ ያያሉ፤ እረፍት ሲሆን ግን ወሬውን ወደ ሩጫ ይመልሱታል። አመላለሳቸው ደግሞ እንደ ሌላ ሰው አይደለም። ስንት ሜዳልያ ተገኘ፣ ማን ክብረ ወሰን ሰበረ አይሉም። “አሯሯጡን አይታችሁታል?” ነው የሚሉት።

ወሬው በወላይትኛ ይጀመርና ሩጫ ላይ ሲደርስ ወደ አማርኛ ይዞራል። “ደወል ተደወለ”፣ “ማርሽ ቀየረ”፣ “አፈተለከ” የሚሉትን ቃላት ሁሉም ከሬዲዮ ነው የተማራቸው፤ በሌላ ቋንቋ ሲነገሩ ጨው ያነሳቸው ይመስላል።

የቲቸር ትዝታ የሚጀምረው ከሐምሌ 1972 ዓ.ም. ነው። ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር ይሮጣል። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ደጃፍ ላይ ተኮልኩለው ከሚያዳምጡት አንዱ። ምሩፅ አዲስ ሰው አልነበረም። በ1964 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ፣ በ5,000 ሜትር ግን ለማጣሪያው ሳይደርስ ቀርቶ ሳይሮጥ የተመለሰ ሰው ነው። በ1968 ሞንትሪያል ላይ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ውድድሩን ስለረገጠች ያም ዕድል አለፈው። ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው ሞስኮ ላይ በ10,000 ሜትር፣ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ጥሏቸው ሄደ። ከቀናት በኋላ በ5,000 ሜትርም ደገመው። “ማርሽ ቀያሪው” የሚለው ስም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም.፣ አብሮት ኖረ።

ሩጫ በሬዲዮ ያምራል ወይ? ቲቸር “እንዴታ!” ይላሉ። የጋዜጠኛው ድምፅ ሲጣደፍ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ቃላት ሲረግጡበት የሯጩ እግር በጆሮ ይታይ ነበር። በዓይናቸው ያዩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አጭር፣ ራሱ የተመለጠ ሰው፤ እስከ መጨረሻው ዙር ሌላ ሰው ጀርባ ተደብቆ የሚሄድ፤ ከዚያ እግሩ ሲፈጥን ትከሻው ወሬውን ያልሰማ የሚመስል። በጆሯቸው ካዩት ብዙም አልራቀባቸውም።

ከምሩፅ በፊት የነበረውን አበበ ቢቂላን ያወቁት በፊልም ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ችቦ የያዙ ወታደሮች በቆሙበት መንገድ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ጫማ አጥቶ ነው የሚሉ አሉ፤ እንደዚያ አይደለም። የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው አውልቆ የሮጠው። ቲቸር ይህን ታሪክ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ለተማሪ ሲነግሩ ኖረዋል፤ “የማይመች ነገር አትልበሱ” ለማለትም፣ ጫማ የለንም ብለው የሚቀሩትን ለማደፋፈርም ይጠቅማቸው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ በጫማ ሮጦ በ2፡12፡11 አሸነፈ። ከዚያ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ቲቸር የሚወዱት ድሉን ሳይሆን ይህን ነው። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ገና ሊጀምር ያለ ሰው ይመስል ነበር።

ደራርቱን፣ ገዛኸኝን፣ ሚሊዮንን በየተራ ያነሷቸዋል። ፋጡማ ሮባ ላይ ግን ይቆያሉ። በ1988 አትላንታ ላይ ማራቶኑን በ2፡26፡05 ስትጨርስ ሁለተኛ የወጣችው ሯጭ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር፤ ፋጡማ ግን የቸኮለች አትመስልም ነበር። ከወገብ በላይ ያለው አካሏ እንስራ ያዘለች ሴት ያህል የተረጋጋ ነው ይላሉ። ቀነኒሳ በቀለ ሲነሳ ደግሞ ቲቸር ተቀምጠው መናገር አይችሉም፤ ይነሳሉ፣ ክንዳቸውን ያሳያሉ። ነሐሴ 1997 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲጨርስ ሃያ አምስቱን ዙር እያንዳንዳቸውን በአማካይ በ63 ሰከንድ ገደማ ነው የዞረው። ፊቱን ብቻ ላየ ሰው ወፍ ሲነጋ ወደ ጉዳዩ የሚሄድ መንገደኛ ነው።

አንድ ቀን፣ የድቻ ጨዋታ እረፍት ላይ፣ ቲቸር ይህንኑ ሲናገሩ አንድ ባጃጅ ነጂ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ፣ “ቲቸር ይቅርታ፣ እርስዎ የሚያምር የሚሉት ያሸነፈውን ነው” አላቸው።

ቤቱ ሳቀ። ቲቸር አልሳቁም።

ልጁ ያለው በፌዝ ቢሆንም ነገሩ የፌዝ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴን ማየት ይበቃል። ግራ ክንዱን ወደ ደረቱ አጥፎ ነው የሚሮጠው፤ አሰላ አጠገብ ከሚገኘው የአባቱ እርሻ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ደብተሩን የያዘበት ክንድ ነው ይባላል። ያ ክንድ ዓለም ያወቀው፣ የተወደደ፣ ልጆች የሚኮርጁት ክንድ ሆነ። ኃይሌ ባያሸንፍ ኖሮ ግን ማንኛውም የሰውነት ማጎልመሻ መምህር “ክንድህን አስተካክል” ብሎ ይጮኽበት ነበር። በ1944 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ 5,000፣ 10,000 እና ማራቶንን በአንድ ኦሎምፒክ ያሸነፈው የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክም ሲሮጥ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ በ1995 ዓ.ም. ለንደን ላይ ማራቶንን በ2፡15፡25 ስትጨርስ ራሷን እየነቀነቀች ነበር። ማማር ብቻውን ሰው አያስቀድምም፤ አለማማርም አያስቀርም።

ያም ሆኖ የቲቸር ነገር ባዶ አይደለም። እሳቸው ማማር የሚሉት ጌጥ አይደለም፤ ጉልበት አለማባከን ነው። ጭንቅላት ሲረጋ፣ ትከሻ ሲወርድ፣ እጅ ሳይጨበጥ ላላ ሲል፣ እግር ከፊት ርቆ ሳይሆን ከሰውነት ሥር ሲያርፍ፣ ወደ ጎን የሚፈስ ኃይል ይቀንሳል። ሃያ አምስት ዙር ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ዓይን የሚወደው ሩጫና ሳንባ የሚወደው ሩጫ ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው። ሁልጊዜ አይደሉም እንጂ።

ቲቸር ግን ይህን ሁሉ ለልጁ አልመለሱለትም። ዝም ብለው ቆዩና፣ “አንዲት ልጅ ነበረች” አሉ።

ዓመቱ 1993 ነው። መስከረም 15 ቀን ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር ቀድሞ ነበር፤ አንዱ በ27፡18.20፣ ሌላው በ27፡18.29። አንድ ሰከንድ ለአሥር ተከፍሎ አንዱን እጅ እንኳ የማይሞላ ልዩነት ነው። መስቀል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የመጣ ዜና ስለነበር በዓሉ ሁሉ የኃይሌ ወሬ ሆነ። ያን ዓመት የቦምቤ ልጅ በሙሉ ግራ ክንዱን አጥፎ ነበር የሚሮጠው።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ማንንም አትመስልም ነበር። ቲቸር መጀመሪያ ያዩዋት ሜዳ ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው፤ ጠዋት ካረፈዱት ጋር። ሌሎቹ ደብተራቸው እየወደቀ፣ እየተጋፉ፣ እያለከለኩ ሲመጡ እሷ በመሃላቸው ታልፋለች። ስትቆም ትንፋሿ እንደማንኛውም የቆመ ሰው ነው። በር ላይ የሚቆመው የተረኛ መምህር፣ ሌሎቹን እየቀጣ፣ እሷን “አንቺ ደግሞ በእግርሽ እየተዝናናሽ ነው የመጣሽው” ብሎ ለብቻ ተቆጣት። ከሁሉም ፈጥና የመጣችው እሷ ነበረች።

በትምህርት ቤቱ ውድድር 1,500 ሜትር አንደኛ ወጣች። ያኔ ቦምቤ ራሱን የቻለ ወረዳ አልነበረም፤ ቦሎሶ ሶሬ ውስጥ ስለነበር የወረዳው ውድድር አረካ ነው የሚደረገው። አረካ ላይ እስከ መጨረሻው ዙር መራች። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ውኃ ልትቀዳ የምትሄድ ትመስላለች። አንዲት ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ልጅ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አፏን ከፍታ፣ ከኋላ መጥታ በጥቂት እርምጃ ቀደመቻት። ቲቸር ከመስመሩ ዳር ሆነው የጮኹት ቃል ዛሬም አልጠፋቸውም፦ “ለምን አትጥሪም?”

ሁለተኛም ቢሆን ለዞኑ ውድድር ወደ ሶዶ ያሳልፍ ነበር። በመሃል በነበሩት ሁለት ሳምንታት ቲቸር በየቀኑ ከትምህርት በኋላ አሠሯት። ያስተማሯት ግን መጣርን ነው። እጅሽን ጨብጪ፣ ክንድሽን ወርውሪ፣ ፊትሽ ላይ ይታይ። ልጅቷ ታዛዥ ስለነበረች ሁሉንም አደረገች። ሶዶ የሚወስዳትን ልብስ አስተካከሉ፣ ከአንድ ባልደረባቸው ሴት ልጅ ሸራ ጫማ ለምነው አመጡላት፣ የመኪናውን ከራሳቸው ኪስ ከፈሉ። ሶዶ ላይ ስትሮጥ ያዩት ሌላ ሰው ነው። ትከሻዋ ጆሮዋ ደርሷል፤ እግሯ መሬቱን እየደበደበ ነው። ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆና ገባች። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት አቋረጠች፤ ቲቸርም ሌላ ክፍል ያዙ።

“እኔ ነኝ ያበላሸኋት” አሉ ቲቸር፣ ለባጃጅ ነጂው። “ደህና አድርገህ ተናግረሃል። ቀነኒሳ ፊቱ ሳይለወጥ ሲያሸንፍ ‘እዩ ቅለቱን’ አልኩ። እሷ ፊቷ ሳይለወጥ ሁለተኛ ስትወጣ ‘አልጣርሽም’ አልኩ።”

እዚህ ላይ ሌላ አንድ መምህር ማንሳት ግድ ነው። በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእጃቸው ያለፉ። ስማቸው ዛሬ በዓለም ይታወቃል፤ ፊልምም ተሠርቶበታል። ከቦምቤው ቲቸር የሚለያቸው ዓይን ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ግን ሙሉ እውነት አይሆንም። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቦምቤ ከዚያ በጣም ዝቅ ያለች፣ ሞቃት አገር ናት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከበቆጂ ተነስቶ የሚሄድ የታወቀ መንገድ አለ። ደራርቱን ክለብ ተቀበላት፤ ጥሩነሽ እህትና ዘመድ በሄደበት ዱካ ሄደች። አንዲት ልጅ አንድ ውድድር ላይ ብትሸነፍ ሌላ ሰው ሌላ ቀን ያያታል። የቦምቤዋ ልጅ የነበራት ሁለት ውድድርና አንድ መምህር ነው። አንዱ መምህር ከተሳሳተ አበቃ።

ውጤት የሚጻፍበት ወረቀት ላይም ቦታው ለስምና ለደረጃ ብቻ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ውድድር ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚነግረው ማን ቀድሞ እንዳደገ፣ ማን በቅጡ በልቶ እንደመጣ ነው። ማን አምስት ዓመት ቢለማመድ የት ይደርሳል የሚለውን የሚነግረው ያ ቲቸር በመንገድ ላይ ያዩት ነገር ነበር፤ እሱን የሚጽፍበት መስመር አልነበረም። ቢኖርም፣ ቲቸር በዚያን ቀን ምን ይጽፉ እንደነበር አይታወቅም። ምናልባት “አትጥርም” ብለው ነበር የሚጽፉት። ነሐሴ 2016 ፓሪስ ላይ ማራቶኑን በ2፡06፡26 ያሸነፈው ታምራት ቶላ እንኳ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ በሲሳይ ለማ ጉዳት ምክንያት ነው የገባው። ተጠባባቂ የሚሆንበት ዝርዝር ያለው ሰው ግን ታድሏል።

ከዚያ የሆነው ነገር ቡና ቤቱ ውስጥ እስካሁን ይወራል። ልጅቷ የጠፋች ሰው አይደለችም። እዚያው አካባቢ ነው የምትኖረው፤ አግብታ ወልዳለች፣ በገበያ ቀን ሙዝና ዝንጅብል ታወጣለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሌላ ጨዋታ በሚታይበት ቀን፣ ልጇን ፍለጋ በሩ ላይ ብቅ አለች። ቲቸር ተነሱ። ሰላምታው አልቆ፣ የቤተሰቡ ደኅንነት ሁሉ ተጠይቆ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በወላይትኛ ጠየቋት። ሶዶ ላይ ያን ቀን ምን ሆነሽ ነበር? እኔ ነኝ አይደል፣ ጥሪ እያልኩ ያበላሸሁሽ?

መጀመሪያ የትኛውን ቀን እንደሚሉ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

“ኧረ ቲቸር፣ ጫማው ጠቦኝ ነው እኮ።”

ቲቸር ቆመው ቀሩ።

“ሁለት ጥፍሬ ወልቋል ያን ቀን።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ታወልቂው አልነበር?”

“የሰው ጫማ ነው። ለምነው ነው ያመጡልኝ። እንዴት ብዬ ነው የምነግርዎት?”

አረካ ላይስ ደክሞሽ ነበር ወይ ብለው ሊጠይቋት አፋቸውን ከፍተው ነበር ይላሉ የነበሩት። እሷ ግን ልጇን ከፊት ረድፍ አይታው በስሙ ጠራችው፤ ልጁ እየተነጫነጨ ተነሳ፤ ተያይዘው ወጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል። ባጃጅ ነጂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ቲቸር ዞረ።

“ስንት ቁጥር ነበር ጫማው?”

“አላየሁትም” አሉ።